ቤቱ እየበዛ ኪራዩ ለምን ይንራል? እና ሌሎች የአንባብያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ ልቀቂ ብለውኛል። ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ከተማችሁ አዋጁን መተግበር መጀመሩን ወረዳ ሄደሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የሚያስተምሩ አንባቢ፣ በየአቅጣጫው ቤት ሲሠራ እያዩ የእሳቸው አንድ ክፍል ኪራይ ግን በየዓመቱ መጨመሩ ግራ ገብቷቸዋል። ጥፋቱ የደላሎች ነው ወይ?

መልስ፦ ደላላ ዋጋ ያባብሳል፤ እጥረቱን ግን እሱ አልፈጠረውም። ችግሩ የሚጀምረው ከአቆጣጠራችን ነው። ፍላጎትን የምንገምተው በነዋሪ ብዛት ነው፤ ቤት የሚፈልገው ግን ጎጆ የወጣ ሁሉ ነው። 90,000 ሕዝብ ያላትን ከተማ ይውሰዱ። በአንድ ቤት በአማካይ 4.5 ሰው ከኖረ 20,000 ቤት ይበቃታል። ልጆች ከወላጅ ቤት ሲወጡ፣ ባለትዳሮች ጥቂት ሲወልዱ አማካዩ ወደ 3.6 ቢወርድ 25,000 ያስፈልጋታል። አንድ እንግዳ ሳይገባ 5,000 ቤት ጎደለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደግሞ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ዛሬ ራሱ ተከራይ ሆኗል፤ እቅዳችን ግን ከዚያ ቁጥር አልተላቀቀም። ይህ በጣም ያስቆጫል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ደሞዙ ስለማይበቃቸው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። በወረቀት አንድ ቤት ናቸው። ደሞዝ ትንሽ ሲሻሻል ወይም አንዷ ስታገባ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ቤት ፈላጊ ይሆናሉ።

አቅርቦቱም የሚነገረን በግንባታ ፈቃድ ቁጥር ነው። ከዚያ ላይ በምትኩ የፈረሰውን፣ ክሊኒክ ወይም ፔንሲዮን የሆነውን፣ ውሃና መብራት ሳይገባለት የቆመውን፣ ባለቤቱ ቆልፎት የሄደውን ይቀንሱ። የተረፈው ባለ ሦስት መኝታ ቪላ ከሆነ ደግሞ ለእርስዎ ምንም አይፈይድም። መብራት ኃይልን በዓመቱ ስንት አዲስ የመኖሪያ ቤት መብራት ቆጣሪ እንደገባ ይጠይቁልኝ። በአንድ ቆጣሪ አምስት ሰርቪስ ክፍል ስለሚሠራ ቁጥሩ አሳንሶ ያሳያል፤ ቢሆንም ከፈቃዱ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ጥያቄ፦ አዳማ ግቢዬ ውስጥ 4 በ3 ሜትር የሆነች የሚከራይ ክፍል ልሠራ ነው። ስንት ብሎኬት ይበቃኛል?

መልስ፦ ዙሪያው 14 ሜትር ነው። በ2.8 ሜትር ቁመት 39.2 ካሬ ይሆናል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 36 ካሬ። ባለ 20 በ40 ብሎኬት በካሬ 12.5 ይገባል፣ 450 ማለት ነው። ለስብራት 5 በመቶ ጨምረው 475 ይግዙ። እንዲህ ያሉ ክፍሎችን የሚያበላሻቸው ግድግዳው ሳይሆን ሴፕቲክ ታንኩ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረው አራት ተከራይ ሲጨመርበት ቶሎ ይሞላል። መጀመሪያ እሱን ያስለኩ፣ ፈቃድም ያውጡ። መሠረቱን መሐንዲስ ቢያየው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነኝ፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለኝ። በስሜ ቤት መግዛት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ በአዋጅ 270/1994።

ጥያቄ፦ መሸጥ የማይፈቀድበት አምስት ዓመት ያላለቀለትን ኮንዶሚኒየም ባለቤቱ በውክልና ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ! ውክልና ባለቤት አያደርግም። ሰጪው በፈለገ ቀን ይሽረዋል። ቢሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ አብሮት ይቀራል፤ እርስዎም ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ይቆማሉ። የባንክ ዕዳም ካለበት እዚያው ይቆይዎታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አንድ ብር ከማስተላለፍዎ በፊት ጠበቃ ይያዙ። የሻጩን ሳይሆን የራስዎን ጠበቃ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እግድ እንዳለበት ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ ያስወጣልዎት። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ቤቱን ይተዉት።