የስፔን ሪፐብሊክ ሠራዊት የጦር መሣሪያ (1936–1939)፦ ጥያቄና መልስ

አፈሙዝ፦ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምመልሰው ዐማፂውን ጄኔራል ፍራንኮን ስለተዋጋው የሪፐብሊኩ ወገን ብቻ ነው። ስለ ጠመንጃ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ስለ ጥይቱ ያስብ።

አድማስ፦ በ1936 በማድሪድ ለሕዝቡ የታደለው ጠመንጃ አብዛኛው አይተኩስም ነበር ይባላል። ምክንያቱን ቢያስረዱን?

አፈሙዝ፦ መንግሥት ለሠራተኛ ማኅበራት መሣሪያ እንዲሰጥ ሲወስን በግምጃ ቤት 65,000 ያህል ጠመንጃ ነበር፤ መዝጊያ የነበራቸው ግን 5,000 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጥይቱን የሚያጎርሰው፣ ከተተኮሰ በኋላም ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ይህ ብረት ከሌለ ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም። የቀሩት 60,000 መዝጊያዎች ተነጥለው የተቀመጡት ዐማፅያን መኮንኖች በያዙት በሞንታኛ የጦር ሰፈር ነበር። ሰፈሩ ጁላይ 20 ቀን በኃይል ተያዘ።

ሰላም፦ ምርጡ መሣሪያቸው የትኛው ነበር?

አፈሙዝ፦ ለምን ተግባር፣ በየትኛው ግንባር፣ በየትኛው ዓመት?

ቀለም፦ ሶቪየት ኅብረት ውጅግራ ልካለች የሚባለው እውነት ነው?

አፈሙዝ፦ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስደስተኛል። ውጅግራ የምንለው በአድዋ ዘመን አባቶቻችን የታጠቁት የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው። በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲሆን፣ በ1936 መጸው ከጣሊያኑ ቬተርሊ ጋር ከአሮጌ ክምችት ወጥቶ ተላከ። ከእርጅናው ይልቅ የባሰው ችግር ግን የጥይቱ ነገር ነበር። የስፔን ማውዘር 7 ሚሊ ሜትር፣ የሩሲያ ሞዚን 7.62፣ የፈረንሳይ ሌቤል 8፣ ግራ 11 ስለሆኑ፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የሞዚን ጥይት ሣጥን ማውዘር ከታጠቀ ጓድ ቢደርስ ሸክም እንጂ ስንቅ አይደለም። ሜክሲኮ የላከችው 20,000 ጠመንጃና 20 ሚሊዮን ጥይት ከቁጥሩ በላይ የጠቀመው ከስፔኑ ማውዘር ጋር አንድ ዓይነት፣ 7 ሚሊ ሜትር ስለነበረ ነው።

አድማስ፦ ስታሊን የስፔንን 510 ቶን ወርቅ ተቀብሎ ቁርጥራጭ ብረት ሸጠላቸው ማለት ነዋ!

ቀለም፦ የሶቪየቱ ቲ-26 ታንክ ቁርጥራጭ ብረት ነው? ጣልቃ ያለመግባት በሚል ስምምነት ገበያውን የዘጉት እኮ እነ ለንደንና ፓሪስ ናቸው።

አድማስ፦ ገበያ መዘጋቱ ያረጀ ዕቃ በውድ ለመሸጥ ምክንያት አይሆንም።

አፈሙዝ፦ ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል፤ ክርክሩን ግን በሌላ ቦታ ብትቀጥሉት ደስ ይለኛል። ቲ-26 የ45 ሚሊ ሜትር መድፍ ሲኖረው፣ ከፍራንኮ ወገን የነበረው የጀርመኑ «ፓንዘር አንድ» ታንክ የያዘው ሁለት መትረየስ ብቻ ነበር። ሆኖም ኦክቶበር 29 ቀን 1936 ከማድሪድ በስተደቡብ ባለችው ሴሴኛ የሪፐብሊኩ ታንኮች እግረኛውን ጥለው ገቡና ጥቃቱ ከሸፈ። በጦርነቱ ከተማረኩት ቲ-26 ታንኮች ብዙዎቹ በኋላ ለፍራንኮ ተሰልፈዋል።

ሰላም፦ ስለ አውሮፕላኖቹስ?

አፈሙዝ፦ የሶቪየቶቹን ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ አይ-15ን «ቻቶ»፣ አይ-16ን «ሞስካ» ይሏቸው ነበር። ከዚህ በላይ የእኔ መስክ አይደለም።

ሰላም፦ እሺ፣ በጠቅላላው ስንት ጠመንጃ ነበራቸው?

አፈሙዝ፦ ጥይት ያለው ነው ወይስ የሌለው? ለይተው ይጠይቁኝ።