ሎስት ሸውዶናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ብሎክ ላይ ያለን ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን አውሮፕላን ተከስክሶባቸው ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች የሚተርከውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም፣ «ሎስት»ን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይተን ጨረስን። አሁን ለሁለት ተከፍለናል። እኔና የሚስቴ ወንድም «ስድስት ሲዝን ሙሉ ሸወዱን፤ ለካ ሁሉም አውሮፕላኑ ሲከሰከስ ሞተው ነበር» እንላለን። ሌሎቹ «አልገባችሁም» ይሉናል። ቡና በተፈላ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። እስቲ ይፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልሞቱም። መጀመሪያ ከዚህ ልገላግላችሁ። መጨረሻው ክፍል ላይ የዋናው ገጸ ባሕርይ የጃክ አባት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለልጁ በግልጽ ይነግረዋል፤ ደሴቱ ላይ የሆነው ሁሉ በእውነት የሆነ ነው። ከሞት በኋላ ያለው ስፍራ 6ኛው ሲዝን ላይ ጎን ለጎን የሚሄደው ታሪክ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ሳይከሰከስ ሎስ አንጀለስ የሚያርፍበት። እዚያ ከተገናኙት አንዳንዶቹ ከጃክ በፊት የሞቱ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከእሱ በኋላ ብዙ ዘመን የኖሩ። ከተራፊዎቹ አንዱ ሀርሊ እንኳ ደሴቱን ሊጠብቅ ቀርቶ፣ የቀድሞ ጠላታቸው ቤን ረዳቱ ሆኖ አብሮት ቆይቷል።

እንደ እናንተ የተረዳ ሰው ግን ብዙ ነው። በፈረንጆቹ 2010 የመጨረሻው ክፍል አሜሪካ ውስጥ ሲተላለፍ፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር በሚወርድበት ሰዓት ባሕር ዳርቻ ላይ የወደቀ የአውሮፕላን ስብርባሪ ታየ። አንድም ሰው የለበትም። ተመልካቹም «ለካ ማንም አልተረፈም» አለ። ያንን ምስል የጨመረው ፊልሙን የሚያስተላልፈው ኤቢሲ ጣቢያ ነው፤ የታሪኩ ክፍል አልነበረም።

እኔ በዚያ ዘመን ካራ አካባቢ ዲቪዲ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ፊልሙ የሚመጣልን በተቀዳ ዲስክ ነው፤ ላዩ ላይ በማርከር «ሎስት 6 የመጨረሻ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ያ ዲስክ ሲመለስ ክርክርም አብሮት ይመጣል። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ደንበኛ ነበረኝ። ዲስኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «ቁጥሮቹስ?» አለኝ። ሌላ ምንም ሳይል ወጣ።

እውነቱን ነው። 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42። ሀርሊ በእነዚህ ቁጥሮች ሎተሪ በልቶ መዘዙ አልለቀው አለ። ደሴቱ ላይ ባለው የከርሰ ምድር ጣቢያ በር ላይም ተቀርጸዋል፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይም በየ108 ደቂቃው መጻፍ አለባቸው። በመጨረሻ ቁጥሮቹ ለደሴቱ ጠባቂነት የታጩ ሰዎች ተራ መሆናቸውን አየን፤ ሌላው ተራፊ ሎክ 4 ነው፣ ጃክ 23። ግን ለምን እነዚያው? ለምንስ መዘዝ አመጡ? ተድበስብሶ ቀረ።

«ሎስትን ለሰዎቹ ብላችሁ እዩት፤ እንቆቅልሹን ተዉት» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። እንቆቅልሹን ያመጣው ሎስት ራሱ ነው። ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ አገር የተቀበለው ደግሞ መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። ሎስት አገራችንን ተቀብሎ ግማሹን መልስ ይዞብን ሄዷል። ስለዚህ ቅሬታችሁ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ግን መጨረሻው ላይ አይደለም፤ መጀመሪያና መሀል ላይ ነው።

ዋልትን አስታውሱ። 1ኛው ሲዝን ልጁ የሆነ ልዩ ኃይል እንዳለው ደጋግሞ ነገረን። ከዚያ የደሴቱ ነዋሪዎች ወሰዱት፣ ቀስ በቀስም ከታሪኩ ወጣ። ታሪኩ ውስጥ የሚያልፉት ወራት ናቸው፤ ተዋናዩ ልጅ ግን በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ። ይህ ከመጀመሪያው መታሰብ ነበረበት። የሚስተር ኤኮ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ናይጄሪያዊ፣ ቀድሞ የሽፍታ አለቃ፣ በወንድሙ ቦታ ቄስ የሆነ፣ በትሩ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የሚቀርጽ ሰው። እንዲህ ያለ አፍሪካዊ በአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ስንቴ አየን? 3ኛው ሲዝን ላይ ገደሉት። ለዚህኛው ጸሐፊዎቹን አልወቅስም፤ ልውጣ ያለው ተዋናዩ ነው።

3ኛው ሲዝን መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ሲንፏቀቅ፣ ጀግኖቹ የአውሬ ማጎሪያ ውስጥ ተቆልፈው ሲከርሙ ተሰላችታችሁ ይሆናል። ማብቂያው አልታወቀማ! በ2007 ከጣቢያው ጋር 48 ክፍል ብቻ እንዲቀርና በ2010 እንዲያበቃ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ነፍስ ዘራ።

ለዚህም ምስክሬ የ4ኛው ሲዝን 5ኛ ክፍል ነው። ከደሴቱ ሰዎች አንዱ የሆነው የዴዝሞንድ አእምሮ በ1996 እና በ2004 መካከል ይዘላል፤ አፍንጫው ይደማል፤ ካልቆመ ይሞታል። መዳኛው በሁለቱም ዘመን ያለ፣ ከልቡ የሚወደው አንድ ነገር ነው። እሱም ፔኒ ናት። በ1996 ስልኳን ይለምናታል፣ «ስምንት ዓመት አልደውልም» ይላታል። ከዚያ በ2004 የገና ዋዜማ፣ የተበላሸ ስልክ ተጠጋግኖ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ይደውላል። ታነሳለች። የጊዜ ጉዞ ሕጉ ሳይጣስ ፍቅሩ ራሱ መልስ ሆነ። እንቆቅልሽና ሰው እንዲህ ሲገጥሙ ሌላ ሳይንስ ፊክሽን ላይ አላየሁም። ይህን ክፍል የሠራን ተከታታይ «ሸወደን» ማለት አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ዲቪዲው ሲታተም 12 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ማሟያ ተካቶበት ነበር። የምግቡ ጭነት ከየት እንደሚጣል፣ የነጩ ድብ ነገር፣ የዋልትም መጨረሻ እዚያ አለ። እኛ የምናከራየው የተቀዳ ዲስክ ላይ አልነበረም፤ በፍላሽ የሚዞረውም ላይ ላይኖር ይችላል። ፈልጋችሁ እዩትና ክርክሩን ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ አጎቷ «ሎስት»ን በፍላሽ ሰጣት። ልፍቀድላት ወይ?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አብረዋት ይዩ። የመጀመሪያው ክፍል ገና ሲጀምር ሞተሩ ሰው ይስባል፤ ከተራፊዎቹ አንዱ የሆነው ሰይድም ሰው የሚያሠቃይበት ቦታ አለ። ብርታቷን እርስዎ ያውቃሉ። 3ኛው ሲዝን ላይ ያለውን የኒኪና የፓውሎን ክፍል ግን ያሳልፉት፤ ሁለቱ በሕይወት እያሉ ነው የሚቀበሩት። ባታየው ከታሪኩ የሚጎድልባት ነገር የለም።