27 ወይስ 24? የኮሌጅ ሳክ ክብረ ወሰን የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጆች። አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጠን ስለ አሜሪካን ፉትቦል ስናወራ ከጓደኛዬ ጋር አልተስማማንም። በኮሌጅ ውድድር በአንድ ዓመት ብዙ ሳክ ያለው ዴሪክ ቶማስ ነው፣ 27 ይላል እሱ። እኔ ያነበብኩት ደግሞ የቴሬል ሰግስን 24 ነው። ማናችን ልክ ነን? ሳክ የሚቆጠረውስ እንዴት ነው? የኮሌጅ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት መቼ እንደሚጀምሩም ብትነግሩኝ።
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ በመዝገብ የተያዘው የእርስዎ ነው፤ የጓደኛዎም ቁጥር ግን እውነት ነው። ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1988 ለአላባማ ሲጫወት 27 ሳክ አድርጓል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ የተከላካዮችን አኃዝ በይፋ መያዝ የጀመረው ግን በ2000 ነው። ስለዚህ ሰግስ በ2002 ለአሪዞና ስቴት ያስመዘገበው 24 አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። በእኛ እምነት መዝገብ ዘግይቶ ስለተከፈተ ብቻ ቶማስን ሁለተኛ ማድረግ አግባብ አይደለም። በ1988 ለምርጥ የኮሌጅ ላይንባከር (ከፊት መስመር ተከላካዮች በስተኋላ የሚቆም ተጫዋች) የሚሰጠውን የበትከስ ሽልማት የወሰደው ቶማስ ነበር።

ሳክ የሚባለው ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ሊወረውር ሲል፣ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ፣ ሙከራው ከተጀመረበት መስመር በስተኋላ ሲጣል ነው። ሮጦ መስመሩን ካለፈ በኋላ ቢጣል ተራ ታክል (ኳስ የያዘን ተጫዋች ይዞ መጣል) ነው። ከመነሻው ለሩጫ በታቀደ ሙከራ ከመስመሩ ኋላ ቢጣልም ሳክ አይጻፍም። ሁለት ተጫዋቾች አብረው ከጣሉት ለየአንዳንዳቸው 0.5 ይያዛል። ቤት ውስጥ ሲቆጥሩ በብዛት የሚያሳስተው «ታክል ፎር ሎስ» (ከመስመሩ ኋላ የተደረጉ ታክሎች) የሚለው ዓምድ ነው፤ ሳኮቹ እዚያም ውስጥ ስላሉ ሁለቱን መደመር አንዱን ድርጊት ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። በሳክ የጠፋው ያርድ ደግሞ በኮሌጅ ከሩጫ፣ በኤንኤፍኤል (በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ከውርወራ ይቀነሳል። በኮሌጅ ጨዋታ 40 ያርድ ሮጦ በሳክ 25 ያጣ ኳርተርባክ በሩጫ የሚጻፍለት 15 ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ከኮሌጅ በኋላ ቶማስን የኤንኤፍኤሉ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ በ1989 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) 4ኛ አድርጎ ወሰደው። በ1990 ሲያትልን ሲገጥሙ በአንድ ጨዋታ 7 ሳክ አደረገ፤ እስካሁን ያልተሰበረ የኤንኤፍኤል ክብረ ወሰን ነው። የሚያስቆጨው መጨረሻው ነው፦ በዚያው ግጥሚያ የመጨረሻ ሙከራ የሲያትሉን ኳርተርባክ ዴቭ ክሪግን ይዞት ሳለ አመለጠው፤ ክሪግም የማሸነፊያውን ታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ ክልል መጨረሻ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) ወርውሮ ሲያትል 17 ለ16 ረታ። ሰግስ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ኮሌጁን ለቀቀ፤ በ2003 ባልቲሞር ሬቨንስ 10ኛ መረጠው፣ በኤንኤፍኤል 139 ሳክ አለው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የቅዳሜ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በኒውዮርክ ቀትር ላይ ይጀምራሉ፤ ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ከሚቀይሩበት ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ወደ 2 ሰዓት ይገፋል።