ከሹፌር ሳጥን የወጣው የብርጭቆ ቱቦ

ጥያቄ፦ አባታችን በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከመሣሪያ ሳጥናቸው ክንድ የማይሞላ የብርጭቆ ቱቦ አገኘን። አናቱ ላይ የጎማ ኳስ፣ ከታች ቀጭን የጎማ አፍ አለው። ውስጡ ሌላ ትንሽ ብርጭቆ አለ፤ ሥሩ የእርሳስ ፍሬ የያዘ፣ አንገቱ ውስጥ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ወረቀት ያለበት፣ ከ1.100 እስከ 1.300 የተቆጠረ። አንዱ ጎረቤታችን የከብት መድኃኒት ማጠጫ ነው ይላሉ፤ ሌላው ወተት በውሃ መበረዙን መለያ ነው ይላሉ። ምንድን ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሃይድሮሜትር ይባላል፤ የመኪና ባትሪ አሲድ መለኪያ ነው።

ወተት ያሉት ጎረቤት ብዙ አልራቁም። የወተቱም መለኪያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፈሳሹ በከበደ ቁጥር ተንሳፋፊው (ውስጥ ያለው ትንሹ ብርጭቆ) ወደ ላይ ይወጣል። ልዩነቱን የሚነግረን ቁጥሩ ነው፤ ፈሳሹ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው፤ ያልተበረዘ የላም ወተት 1.030 አካባቢ፤ አረቄ ደግሞ ከውሃ ይቀላል። ከ1.100 የሚጀምር ተንሳፋፊ ወተት ውስጥ ቢገባ ሰምጦ ይቀራል። መድኃኒት ማጠጫ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ተንሳፋፊ ባላስፈለገው። የጎማው ኳስ የተሠራው ከባትሪው ጠባብ አፍ አሲድ ለመምጠጥ ነው። አደራ፣ አሲድና እርሳስ የነካው ዕቃ ስለሆነ ወደ ወተትም ወደ ከብት አፍም አታስጠጉት።

ከመጠቀማችሁ በፊት እውነተኛነቱን በጨው ፈትኑት። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 400 ግራም ንጹሕ ጨው ጨምሩና ደጋግማችሁ አማስሉ። ወደ 360 ግራም ያህሉ ይሟሟል፤ የቀረው ሥር መዝቀጡ ውሃው ጨው መጥገቡን ያሳያል። ከላይ የጠራውን ስትመጥጡ 1.200 አካባቢ ማንበብ አለበት። በጣም ከራቀ ወረቀቱ ተንሸራቷል፣ ወይም ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ፈሳሽ እየገባበት ነው፤ ያኔ ጣሉት። ጎማው በዕድሜ ከተሰነጠቀም አየር ስለሚያስገባ አሲዱ ይንጠባጠባል፤ ጎማውን ሳትቀይሩ ባትሪ ላይ አታውሉት። ከፈተናው በኋላ ጨው እንዳይቀርበት በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት።

ስትለኩ መነጽርና የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ። የ12 ቮልት ባትሪ 6 ሴል (ለየብቻው አሲድ የያዘ ክፍል) አለው፤ ሁሉንም ክዳኖች ክፈቱ። ኳሱን ጨምቃችሁ አፉን አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ተንሳፋፊው አናቱንም ግድግዳውንም ሳይነካ መንሳፈፍ አለበት፤ ከግድግዳው ከተጣበቀ ቱቦውን በጣት መታ መታ አድርጉት። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና በዓይናችሁ ትክክል አንብቡ። ፈሳሹ ብርጭቆውን ታክኮ ትንሽ ይወጣል፤ የሚነበበው ያ ሳይሆን ጠፍጣፋው ገጽ ነው። አሲዱን ወደ ወጣበት ሴል መልሱ።

1.265 እና ከዚያ በላይ ከተነበበ ባትሪው ሙሉ ቻርጅ አለው። 1.225 ሦስት አራተኛ፣ 1.190 ግማሽ፣ 1.120 ባዶ። ስድስቱም እኩል ዝቅ ካሉ ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል እንጂ አልሞተም። አምስቱ 1.250 ሆነው አንዱ 1.190 ካለ ግን ያ ሴል ተበላሽቷል፤ የ0.050 ልዩነት የባትሪው ዕድሜ ማለቂያ ምልክት ነው። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ደከመ ተብሎ የሚፈታው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰበብ ነው። አሲዱ ቡናማ ሆኖ ከደፈረሰም ፕሌቶቹ (ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) እየረገፉ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የባትሪ ውሃ ጨምሮ ወዲያው ሲለካ ነው። ውሃው ከላይ ስለሚቀር ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ቻርጅ ተደርጎ ሲቀላቀል፣ ከዚያም ጥቂት ሰዓት ሲያርፍ ለኩ። ቁጥሩ ወረደ ብላችሁም አሲድ አትጨምሩ፤ የሚጎድለው ውሃው ስለሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ሙቀቱም ይቆጠራል። ወረቀቱ ላይ መነሻው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ፣ አሲዱ በ5.5 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 0.004 ደምሩ፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ቀንሱ። ባቲ ላይ ከሰዓት በኋላ 38 ዲግሪ በደረሰ አሲድ 1.230 ካነበባችሁ እውነቱ 1.238 ነው። ደሴ ላይ በማለዳ፣ አሲዱ ወደ 10 ዲግሪ ወርዶ ሳለ ያው 1.230 ሲነበብ ግን 1.218 ገደማ ነው።

ክዳኑ የማይከፈት ድፍን ባትሪ ላይ ይህ መሣሪያ አይሠራም፤ ለዚያ ቮልት መለኪያ ተጠቀሙ። አሲድ ቆዳ ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ዓይን ከነካ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።