ቀዶ ጥገና ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ጥያቄ፦ «ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ለታካሚዎች የሚታደል ማብራሪያ ስጽፍ ‹ቀዶ ጥገና› አልኩ። ባልደረባዬ ግን ‹ጥገና የመኪና ነው፤ ቀዶ ሕክምና በይ› አለችኝ። የቱን ልጻፍ? ‹ራጅ ተነሣሁ› የሚለውስ ልክ ነው?»

መልስ፦ «ጥገና ለሰው አይሆንም» የሚለውን አስተያየት በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። ቃሉ ጋራዥ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ሰው ሲያድን የኖረ ነው።

ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34ን ይክፈቱ። እረኞቹ ሲወቀሱ «የታመመውንም አላከማችሁትም፥ የተሰበረውንም አልጠገናችሁትም» ይላል። ሕመም ይታከማል፤ ስብራት ይጠገናል። ሁለቱ ግሦች ጎን ለጎን ቆመው ሥራ ተከፋፍለዋል። ወጌሻም ሲሠራ የኖረው ይህንኑ ነው። ቃሉን የተዋሰው መኪናው ነው፤ ከሰው።

በዘር ከሄድንም «ሐኪም» ከዐረብኛ የመጣ ነው። እዚያ ጥበበኛም፣ መድኃኒት ዐዋቂም ማለት ነው። «ሕክምና»ም ከዚሁ ይወጣል። መዋስ ነውር የለውም። ግን የቤቱን ቃል አስነሥቶ እንግዳውን በቦታው ለማስቀመጥ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ «ቀዶ» እንምጣ። «ወደደ» ብሎ «ወዶ» እንደሚል፣ «ቀደደ» ብሎ «ቀዶ» ይላል። ዶ ይጠብቃል፤ ሁለቱ ደዎች እዚያ ውስጥ ገብተዋል። ቦዝ አንቀጽ ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፤ ባለቤቱን የሚያገኘው ከሚከተለው ቃል ነው። «ወዶ ዘማች» ወድዶ የሚዘምት ነው። «አርሶ አደር» አርሶ የሚያድር ነው። «ቀዶ ጠጋኝ»ም ቀድዶ የሚጠግን ነው። ለኔ ከዚህ የተዋጣ የሙያ ስም የለም፤ የሚቀድደውም የሚጠግነውም አንድ እጅ መሆኑን ይናገራል። «ቀዶ ሕክምና» ካልን ግን ባለሙያውን ምን ልንለው ነው? «የቀዶ ሕክምና ሐኪም»? አንዱ ሥር ሁለት ጊዜ መጣ።

ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የሐሞት ከረጢት ያወጣሉ፤ «ስለዚህ መቅደድ ቀርቷል» የሚሉም አሉ። «ቀዳዳ» ራሱ የማን ልጅ ሆነና? የ«ቀደደ» ነው።

ከበድ ያለው ክርክር ሌላ ነው። ትርፍ አንጀት ተቆርጦ ሲወጣ፣ ዕጢ ሲነቀል ምኑ ተጠገነ? «የተቀደደው ሆድ ተሰፍቶ ይዘጋል» ብዬ እመልሳለሁ፤ ግን መልሱ ጎደሎ መሆኑን አውቃለሁ። «ቀዶ ሕክምና» ይህን ሁሉ ያቅፋል። በየሆስፒታሉ በር ላይም ተጽፏል፤ ሐኪሞቹም ለምደውታል። ስሕተት ነው ማለት አልችልም። ሕዝቡማ ከሁለቱም ጋር የለም፤ «ኦፕራሲዮን ሆነ»፣ «በኦፕራሲዮን ወለደች» ይላል።

እናቴ የሐሞት ጠጠር ይዟት ሆስፒታል በተኛች ጊዜ የፈቃድ ቅጹን ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። «ቀዶ» ስል ፊቷ ተለወጠ። «ጥገና» ስል ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ከጠገኑኝስ» ብላ ጣቷን ለቀለሙ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቃል ላይ ሚዛናዊ መሆን አልቻልኩም። ምርጫው የርስዎ ነው፤ እኔ ብሆን «ቀዶ ጥገና» ብዬ እጽፋለሁ።

ወደ «ራጅ» ስንመጣ፣ ቃሉ የጣልያንኛው «ራጂ» ነው፤ ጨረሮች ማለት ነው። እሱም ከላቲኑ «ራዲዩስ» ይወርዳል፤ ጨረርም፣ ከመንኮራኩር እምብርት ወደ ጠርዙ የሚዘረጋ ዘንግም ነው። «ራዲዮ» የሥጋ ዘመዱ ነው። ሐኪሞች ከክርናችን በታች በአውራ ጣት በኩል ያለውን አጥንትም «ራዲየስ» ይሉታል። እጁ ተሰብሮ ራጅ የሚነሣ ሰው ራዲየሱን በራዲየስ አስነሣ ማለት ነው። ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ጨረሩን ሲያገኝ ምንነቱ ስላልታወቀ ኤክስ አለው። «ኤክስሬይ» ማለት ዛሬ በዝቷል፤ እኔ ግን «ራጅ»ን አልለቅም። አጭር ነው፣ አፍ ላይም ይቀላል።

«ራጅ ተነሣሁ» ልክ ነው። «የሚነሣው ምስሉ እንጂ ሰውየው አይደለም» የሚል ሰው «ፎቶ ተነሣሁ» ማለትንም ይተው። አልትራሳውንድ ግን «ታየሁ» ነው የሚባለው። ሐኪሙ ምስሉ ሲንቀሳቀስ እዚያው እያየ ስለሚመረምር ሕዝቡ ግሡን በትክክል መርጧል። ሲቲ ስካን የሚሠራው በራጅ ነው። ኤምአርአይ በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ፣ አልትራሳውንድም በድምፅ ሞገድ ነው፤ ሁለቱም ራጅ የለባቸውም። ሁሉንም «ራጅ» ብሎ መጥራት ሰውን ያለ ምክንያት ያስፈራል። ስለዚህ በማብራሪያው ላይ ለነፍሰ ጡር እናቶች «አልትራሳውንድ ራጅ አይደለም» የምትል አንዲት መስመር ይጨምሩልኝ።