የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰፈሩ ከገጹ ላይ የት ገባ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰፈሬን መቼት ያደረገ አጭር ልቦለድ ጀምሬ ነበር። ያነበቡልኝ ሁሉ ግን «ይሄ እኮ የትም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። መነሻው እንዲህ ይላል፦ «በአረንጓዴ ተራሮች በተከበበው፣ ሰፊ፣ ጸጥ ባለውና እጅግ ውብ በሆነው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር።» ምኑ ጎደለ?

መልስ፦ መቼት «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የወለዱት ቃል ነው። በጻፉልን ዓረፍተ ነገር ውስጥ «መቼ» የለም፤ «የት»ም ቢሆን የለም ማለት ይቻላል። «ውብ» እና «ጸጥ ያለ» የጸሐፊው ፍርድ እንጂ የኮዬ ፈጬ መልክ አይደሉም። ሐዋሳም ላይ፣ ደሴም ላይ ቢለጠፉ ያው ናቸው።

ሌላው ችግር ከአማርኛ ጠባይ ይመጣል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ገላጩ ደግሞ ከስሙ ይቀድማል። አንባቢው አራት ገላጭ ተሸክሞ «ሰፈር» ላይ ይደርሳል፤ ሽማግሌውን ሳያገኝ ይደክመዋል። ሰውየውን ያስቀድሙ፤ ቦታውን ለግሶቹ ይተዉላቸው፦

«ሽማግሌው ከብሎኩ ወርደው፣ ከዘራቸውን መረሬው ውስጥ እየተከሉ እየነቀሉ ሄዱ። ሽንብራ ይዘሩበት የነበረው ላይ ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ ‹ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!› እያለ ይጣራል።»

እዚህ ውስጥ አንድም «ውብ» የለም። መረሬ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከዘራው ከሰመጠ ዝናብ መጣሉን መናገር አያስፈልግም። «ይዘሩበት የነበረው» የሚለው ኃላፊ ጊዜ ደግሞ የሰፈሩን ታሪክ በሁለት ቃል ጨርሶታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቦታው በማን አፍ እንደሚጠራ ነው። ያንኑ መሬት ገበሬው «ሁለት ጥማድ» ይለዋል፤ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነውና ልኩ ከላቡ የመጣ ነው። ደላላው በካሬ ይቆጥረዋል፤ መሐንዲሱ «ሳይቱ» ይለዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ለአንዱ «ከብት ሲገባ» የሆነው ለሌላው «ሰርቪስ ሲመጣ» ነው። ተራኪው ከማን ትከሻ ላይ ሆኖ እንደሚያይ ሳይወስኑ አንድ መስመር አይጻፉ። በአንድ ምዕራፍ ጥማዱና ካሬው ያለ ምክንያት ከተቀላቀሉ መቼቱ ይፈርሳል።

ወቅቱንም ይጠንቀቁ። በሐምሌ ጤፍ የሚያስወቃ ወይም አደይ አበባ የሚያስቀጥፍ ጸሐፊ የሱሉልታንና የሰንዳፋን አንባቢ እዚያው ያጣዋል። አደይ የመስከረም ነው፤ የመኸር ጤፍም የሚወቃው ከታጨደና ከደረቀ በኋላ በበጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላይ በሚካሄደው ታሪኬ ውስጥ ያሉት አባት አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። አማርኛቸውን ሰባብሬ ልጻፈው?

መልስ፦ እባክዎ አይሰባብሩት። አንባቢው ሰውየውን ትቶ ስሕተቱን ማየት ይጀምራል። በቋንቋቸው ተረትና ምሳሌ የሚያዘንቡት አዛውንት በገጹ ላይ ንግግር የማይችሉ ይመስላሉ፤ ይህ ደግሞ በደል ነው። ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ሙሉ፣ የተስተካከለ አማርኛ ይስጧቸው። ከደላላው ጋር በአማርኛ ሲነጋገሩ ዓረፍተ ነገራቸውን አጭር ያድርጉት፤ ያ ይበቃል።

ኦሮምኛው በተፈጥሮው በሚገባበት ይግባ፤ ለምሳሌ በሰላምታና በቦታ ስም። ቱሉ ኮረብታ፣ ለገ ወንዝ ነው። ቱሉ ዲምቱን «ቀይ ኮረብታ» ብለው የሚያውቁት አባትና ስሙን ከሚኒባስ ረዳት የሰማው ወጣት አንድ ቦታ ቆመው ሁለት አገር ያያሉ። ትርጉሙን በቅንፍ አይጨምሩ፤ ወጣቱ ይጠይቅ፣ እሳቸው ይመልሱ።

አጠራሩንም አይርሱ። የጎረቤት ልጅ «አባባ» እያለ በአንቱታ ያናግራቸዋል። ደላላው ገና በመጀመሪያው ቃል «አንተ» ካላቸው፣ ከተማው እስከ ደጃቸው መድረሱን ያለ አንድ መስመር ገለጻ አሳይተዋል።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ገጽ ስንት የቦታ ዝርዝር ይበቃል?

መልስ፦ ሦስት። ቢያንስ አንዱ በጆሮ ወይም በአፍንጫ የሚገባ ይሁን፦ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ፣ የኩበት ጭስ። የቀሩትን ገጸ ባሕርይው ሲነካቸው፣ ሲረግጣቸው፣ ሲገዛቸው ያውጧቸው።