የፈረስ ጉልበት እጥፍ ሲሆን ፍጥነትም እጥፍ ይሆናል?

ወንድሜ፣ «70 ፈረስ ጉልበት ያላትን ቪትዜን ሸጬ ባለ 140 ብገዛ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል?» ብለሃል። አይሆንም። ብርህን ከማውጣትህ በፊት ምክንያቱን እወቀው።

መኪና ሜዳ ላይ ሲፈጥን ዋናው ባላጋራው ነፋስ ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን ግፊት በእጥፍ ፍጥነት መስበር ስላለብህ የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ቪትዝህ 150 የምትገባ ከሆነ፣ ቅርጹ ያው የሆነ ባለ 140 መኪና 190 ገደማ ቢገባ ነው። ማክላረን ኤፍ 1 የተባለው የስፖርት መኪና በ627 ፈረስ ጉልበት 386 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሮጧል። ቡጋቲ ቬይሮን 1,001 ይዞ የደረሰው 407 ነው። 374 ፈረስ ተጨምሮ 21 ኪሎ ሜትር!

የማርሹም ነገር አለ። እኔ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት የማወጣው በሲኖትራክ ነው። 371 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ሜዳ ላይ ግን ያንተ ቪትዝ ጥላው ትሄዳለች። ማርሹ የተሠራው ለመጎተት እንጂ ለሩጫ አይደለም።

እኛ አገር ጉልበት የሚያስፈልገው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሚያስወጣው ለሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ያንተ 70 ወደ 53 ወረደ ማለት ነው። ሜዳ ላይ የሚገፋህ ነፋስም አብሮ ስለሚሳሳ ብዙም አይታወቅህም። ዳገት ላይ ግን የጫንከው ሰው አይቀልልህም።

ከሲኖው በፊት ባለ 1.0 ሞተር ትንሽ መኪና ነበረችኝ። እናቴንና እህቶቼን ይዤ ወደ ደሴ ስወጣ ከፊቴ ያለውን ከባድ መኪና ልቀድም ወጣሁ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬዋለሁ፣ እሷ ግን ታፍና ቀረች። ከላይ መኪና ሲመጣ አየሁ። ፍሬን ይዤ ወደ ኋላው ተመለስኩ። እናቴ እስክንደርስ ድረስ ዱዓዋን አላቆመችም። ያን ቀን መቼም አልረሳውም።

ስለዚህ ልትገዛ ስትሄድ ዳሽቦርዱ ላይ የተጻፈውን 220 ተወው። ሻጩን ለምነህ አራት ሰው አሳፍርና ሐረጎን ውጣበት። ሦስተኛ ማርሽ ይዞ ሳይታፈን ካወጣህ፣ 100 ፈረስ ጉልበትም ቢሆን ለቤተሰብህ ይበቃል።